የጦር ሜዳ ባጅ ከዲዲ 214 ላይ ሲጎድል፦ ለማን ይገባል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ከአሜሪካ ጦር ስወጣ ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ወረቀት ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ያኔ የማስበው ቤቴን ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ «ስምህንና ቀኑን አይተህ ፈርም» አለችኝ። አየሁ። ፈረምኩ። ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ለጆሮዬና ለእንቅልፌ ጉዳይ የቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት፣ ማመልከቻ ስሞላ፣ የሚረዳኝ ሰው ወረቀቱን ገለባበጠና «ውጊያ ውስጥ እንደነበርክ የሚያሳይ ነገር እዚህ ላይ የለም» አለኝ። ኢራቅ ውስጥ ከባድ መኪና ነበር የምነዳው። ከፊቴ የነበረው መኪና በመንገድ ዳር ቦምብ ሲመታ፣ ወዲያውም ተኩስ ሲከፈትብን እዚያው ነበርኩ። አብረውኝ ከነበሩት ሁለቱ ውጊያ ውስጥ ለነበረ የሚሰጠውን ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገውታል። የእኔን ስም ግን ማንም አላቀረበውም። አዛዡ በመሃል ተቀየረ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ለማስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። መንገዱን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግማሹን ጊዜ አተርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ከአገሬ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ፎርም ሞልቻለሁ። ብዙዎቹ ስለ ባጁ መጠየቅ ያፍራሉ። «ሰው ሞቶ እኔ ስለ ቁራጭ ብረት ላውራ?» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ልመና አይደለም። የሆነው ነገር እንደሆነው ይጻፍልኝ ማለት ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ምድር ጦሩ፣ ማለትም ስለ አርሚ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የእናንተ ባጅ የትኛው ነው?

ሦስት ባጆች አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማይመለከተውን ባጅ በመጠየቅ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

አንደኛው ኮምባት ኢንፋንትሪማን ባጅ ነው፤ በአጭሩ ሲአይቢ። ሰማያዊ መደብ ላይ የድሮ ጠመንጃ ያለበት፣ ዙሪያውን የቅጠል ጉንጉን የከበበው። የተቋቋመው በኦክቶበር 1943 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የሚሞተውና የሚቆስለው፣ ግን ብዙም ክብር የማያገኘው እግረኛው ስለነበር ነው። እስከ ዲሴምበር 6 ቀን 1941 ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰጣል።

ሲአይቢን ለማግኘት ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ሙያችሁ እግረኛ ወይም ስፔሻል ፎርስ መሆን አለበት። ኤምኦኤስ በሚባለው የሙያ ኮድ ብንሄድ በ11 ወይም በ18 የሚጀምር ማለት ነው። ቀጥሎ፣ የተመደባችሁት በብርጌድ ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ባለ የእግረኛ ወይም የስፔሻል ፎርስ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ክፍሉ በምድር ላይ ሲዋጋ እናንተ ራሳችሁ እዚያ ተገኝታችሁ የተዋጋችሁ መሆን አለባችሁ። ማዕረጉ ከኮሎኔል በላይ ከሆነ አይሰጥም።

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «እኔ መድፈኛ ነበርኩ፣ ኢራቅ ላይ ግን እንደ እግረኛ በእግሬ ነው ስቃኝ የከረምኩት» የሚል ሰው አለ። እውነቱን ነው። ብዙ መድፈኛና ታንከኛ እንደዚያ ነው የሠራው። ደንቡ የሚያየው ግን የሙያ ኮዱንና የተመደበበትን ክፍል ነው። እግረኛ ሳይሆን የእግረኛ ክፍል በትእዛዝ ቢያንስ ለ30 ተከታታይ ቀናት የመራ መኮንን የተለየ በር አለው። ለሌላው ተራ ወታደር ግን በሩ ሦስተኛው ባጅ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም። ነገር ግን በዚህ ተከራክሮ ዓመት ከማባከን የሚገባውን ባጅ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ኮምባት ሜዲካል ባጅ ወይም ሲኤምቢ ነው። በ1945 መጀመሪያ ተቋቋመ። የሕክምና ሙያ ላላቸው፣ የሚያገለግሉት ክፍል ሲዋጋ አብረው ተገኝተው በተኩስ ሥር ሥራቸውን ለሠሩ ነው። ድሮ ከእግረኛ ጋር ለነበሩት ብቻ ነበር። ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ወዲህ ላለው ጊዜ ግን በምድር ላይ ከሚዋጉ ሌሎች ክፍሎች ጋር ለነበሩትም ተከፍቷል።

ሦስተኛው ኮምባት አክሽን ባጅ፣ ሲኤቢ ነው። ከእኛ ልጆች አብዛኛውን የሚመለከተው ይሄ ነው። እኛ በብዛት ሾፌር፣ መካኒክ፣ የስንቅና ትጥቅ ሠራተኛ፣ ወጥ ቤት ነበርን። ሲኤቢ በሜይ 2005 ጸደቀ። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ግንባርና ደጀን የሚባል ነገር እንደጠፋ፣ ሾፌሩም እንደ እግረኛው እንደሚመታ ሠራዊቱ ስላመነ ነው። ሙያ አይመርጥም። ሴት ወንድ አይልም። ዋናው ነገር አደጋ ባለበትና ለዚያ ተጨማሪ ክፍያ በተፈቀደበት ቀጠና ውስጥ የተመደባችሁበትን ሥራ እየሠራችሁ፣ ጠላትን በቀጥታ የተዋጋችሁ ወይም በጠላት የተጠቃችሁ መሆኑ ነው። የውጊያ ደንቡንም ያከበራችሁ መሆን አለባችሁ።

ሲኤቢ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 በፊት ለሆነ ነገር አይሰጥም። የቬትናም ሾፌር፣ የመጀመሪያው የኢራቅ ጦርነት መካኒክ፣ ሶማሊያ ላይ የነበረ የስንቅ ሠራተኛ አያገኘውም። እነዚህን ሰዎች «አመልክት፣ ምን ይጎድልብሃል?» ብሎ ማጓጓት ጥሩ አይደለም።

ሌላው ጥያቄ የሞርታርና የሮኬት ነገር ነው። «ካምፓችን በየቀኑ ይደበደብ ነበር» ብቻውን አይበቃም። ካምፑ ትልቅ ከሆነ፣ ሮኬቱ በዚያኛው ጫፍ ወድቆ እናንተ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው ፍንዳታው ሊጎዳችሁ በሚችል ርቀት ላይ ነበራችሁ ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ርቀት ወሳኝ ነው። ሜትሩን አስታውሱ።

ለአንድ የአገልግሎት ወቅት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የምታገኙት። ደግሞም ሦስቱም የወታደር ናቸው። ኢራቅ፣ አፍጋኒስታንና ኩዌት ካምፖች ውስጥ በኮንትራክተርነት የሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው። ጉዳት ካለባቸው ዲፌንስ ቤዝ አክት የሚባለውን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይፈልጉ።

ማሪንና ኔቪ የነበራችሁ፣ የእናንተ ኮምባት አክሽን ሪበን ይባላል። ኤር ፎርስ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ኮምባት አክሽን ሜዳል አለው። የማስረጃው አሰባሰብ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚላክበት ቦታ ግን የየራሳቸው ነው።

ሁለተኛ፦ የጎደለው ምንድን ነው? ወረቀቱ ወይስ ባጁ?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ምንም ፎርም አትሙሉ።

አንዳንዱ ሰው ባጁ ተሰጥቶታል። ፐርማነንት ኦርደር የሚባለው የሽልማት ትእዛዝ ተጽፏል፣ ቁጥርና ቀን አለው። ዲዲ 214 ሲዘጋጅ ግን ሳጥን 13 ላይ ሳይገባ ቀረ። ሳጥን 13 ሜዳሊያና ባጅ የሚዘረዘርበት ቦታ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ትእዛዙን አያይዞ ማመልከት ነው፤ ዲዲ 215 የተባለ የማስተካከያ ወረቀት ይወጣላችኋል።

ሌላው ሰው ደግሞ፣ እንደ እኔ፣ ባጁ ጭራሽ አልተሰጠውም። እሱ ሁለት ሥራ አለበት። መጀመሪያ ባጁ እንደሚገባው ማሳመን፣ ከዚያ መዝገቡን ማስተካከል።

የትኛው እንደሆናችሁ የሚነግራችሁ ፋይላችሁ ነው። ወደዚያው እንሂድ።

ሦስተኛ፦ ሙሉ ፋይላችሁን አውጡ

ዲዲ 214 አንድ ገጽ ናት። ፋይላችሁ ግን ብዙ ገጽ ነው። ምደባችሁ፣ የዘመቻ ትእዛዛችሁ፣ የሥራ ግምገማችሁ፣ የሽልማት ወረቀታችሁ እዚያ ውስጥ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጣችሁ ከሆነ ሚልኮኔክት በሚባለው የመከላከያ ድረ ገጽ ገብታችሁ ሰነዱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልሆነም ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ያለው የናሽናል ፐርሶኔል ሬከርድስ ሴንተር ነው። በኢንተርኔት ወይም ኤስኤፍ 180 በሚባለው ፎርም ይጠየቃል። ለወታደሩ ለራሱ በአብዛኛው ነጻ ነው። «መቶ ዶላር ክፈለኝና ላውጣልህ» ለሚላችሁ ሰው አትክፈሉ።

ስትጠይቁ «ዲዲ 214 ስጡኝ» ብላችሁ አትጻፉ። እሷን ብቻ ይልኩላችኋል። «ሙሉ የአገልግሎት ፋይሌን» በሉ። ዲዲ 214ንም ስትፈልጉ ረጅሙን ቅጂ ጠይቁ፤ ሜምበር 4 የሚባለውን። አጭሩ ቅጂ የስንብታችሁን ዓይነትና ምክንያት አያሳይም።

ስለ አባቶች አንድ ነገር ልጨምር። በጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የማኅደር ሕንፃ ተቃጥሏል። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ጠፋ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መግቢያ ድረስ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት 80 በመቶ ያህሉ ፋይላቸው አመድ ሆኗል። አማታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የኮሪያ ዘማች ሆነው «ፋይልዎ የለም» ከተባሉ ውሸት አይደለም። ግን መጨረሻም አይደለም። የክፍላቸው ዕለታዊ ሪፖርት፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የሆስፒታል መዝገብ ከሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ማዕከሉ ራሱ ፋይሉን መልሶ ለማዋቀር መረጃ የሚጠይቅበት ፎርም አለው። ተሞልቶ መላክ አለበት።

አራተኛ፦ ማስረጃ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ሌላው ፖስታ ቤት መሄድ ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር በአንድ ገጽ ጻፉ። አንድ ገጽ ብቻ። የስሜት ጽሑፍ አይደለም። መቼ፣ የት፣ ከየትኛው ክፍል ጋር፣ ምን እየሠራችሁ፣ ጠላት ምን አደረገ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ማን አየ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጁን 14 ቀን 2007፣ 0910 ሰዓት ላይ፣ ከባላድ ወደ ታጂ በሚወስደው መንገድ የኮንቮያችንን አራተኛ መኪና እየነዳሁ ነበር። ሦስተኛው መኪና በመንገድ ዳር ቦምብ ተመታ። በመካከላችን 40 ሜትር ያህል ነበር። ፍንዳታው የፊት መስታወቴን ሰነጠቀው። ወዲያው ከግራ በኩል በጠመንጃ ተተኮሰብን። ከመኪናው በስተቀኝ ወርጄ መልሼ ተኮስኩ። ከዚያ የሦስተኛውን መኪና ሾፌር ከመኪናው አወጣነው። የቡድን መሪዬና የአምስተኛው መኪና ሾፌር አይተውኛል።»

አያችሁ? «ጀግና ነበርኩ» የሚል የለም። «ሕይወቴ ተበላሸ» የሚልም የለም። ሕይወታችሁ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ቦታው ግን የቪኤ ማመልከቻ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚመዘነው በዚያን ዕለት የሆነው ነገር ብቻ ነው።

እኛን ሐበሾችን የሚያሳስት ነገር ሰዓት ነው። በልባችን የምናስበው በሀገራችን አቆጣጠር ነው። «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጡት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ምስክራችሁ ደግሞ 0900 ብሎ ይጽፋል። ሁለት ወረቀት ተጋጨ ማለት ነው። በወታደር ሰዓት ጻፉ፤ ቁጥሩን ሁለቴ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ምስክር። የዓይን ምስክር ሁለት ቢሆን ይመረጣል። አንዱ የዚያን ጊዜ አለቃችሁ ቢሆን ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ቃላቸውን በመሐላ ይስጡ። ጦሩ ለዚህ የሚጠቀምበት ዲኤ 2823 የሚባል ፎርም አለ። ሲቪል የሆነ ሰው በኖተሪ ፊት ፈርሞ ቢሰጥም ይሆናል። ለምስክሮቻችሁ የራሳችሁን ጽሑፍ ልካችሁ «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» አትበሉ። ሁለት ምስክር አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከጻፈ፣ የሚያነበው ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከቆሙበት ቦታ ያዩትን ይጻፉ። ትንሽ ልዩነት ቢኖር አትደንግጡ፤ የእውነተኛ ሰው ትዝታ እንደዚያ ነው።

ምስክር ፍለጋ ላይ ሰው ይሰለቻል። እኔ የቡድን መሪዬን ያገኘሁት በፌስቡክ ነው። ስደውልለት መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ያን ቀን አንተ እዚያ እንደነበርክ ካንተ ይልቅ እኔ አስታውሳለሁ» አለኝ። በሳምንቱ ወረቀቱን ላከልኝ። ሰዎቹ ስልካቸውን ሳይቀይሩ፣ ዕድሜያቸው ሳይገፋ ደውሉ። ባጅ ባትፈልጉም ደውሉ።

ሦስተኛው የጊዜው ሰነድ ነው። የዘመቻ ትእዛዝ፣ የምደባ ወረቀት፣ የሥራ ግምገማ፣ የዚያን ዕለት የሕክምና ወረቀት፣ የክፍሉ የክስተት ሪፖርት። ፐርፕል ኸርት፣ ማለትም በጠላት ለቆሰለ የሚሰጠው ሜዳሊያ፣ የተሰጠው ሰው አብሯችሁ ከነበረ፣ የእሱ ሽልማት ዕለቱንና ቦታውን ስለሚያሳይ ፈቃዱን ጠይቁና አያይዙት። ወደ ቤት የላካችሁት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ካለም ጥሩ ነው። በዚያው ሰሞን የተጻፈ ነገር ዛሬ ከሚጻፈው ይበልጣል። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ የብዙ ክፍሎች የሜዳ ሰነድ በአግባቡ ሳይጠበቅ ጠፍቷል። ስለዚህ ሪፖርቱ ካልተገኘ የምስክሮቻችሁ ቃል የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

የጎደለ ማስረጃ ለመሙላት ብላችሁ ግን አንዲት ነገር እንዳትጨምሩ። ያላገኙትን የውጊያ ባጅ አለኝ ብሎ ጥቅም ለማግኘት መሞከር በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ፣ የአንዱ ውሸት ሲወጣ የቀጣዩ ሐቀኛ ማመልከቻ በጥርጣሬ ይታያል።

አምስተኛ፦ መጀመሪያ ወደ ፎርት ኖክስ

ከዚህ በታች ወደማነሣው የመዝገብ ማስተካከያ ቦርድ ከመሄዳችሁ በፊት ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ያለውን የሂውማን ሪሶርስስ ኮማንድ የሽልማት ክፍል መጠየቅ አለባችሁ። ኤችአርሲ ይሉታል። አሁንም በሥራ ላይ ያለ ወታደር በአዛዦቹ በኩል ያቀርባል። የወጣ ሰው ራሱ ይልካል። የሚላከው የአንድ ገጽ ጽሑፋችሁ፣ የምደባ ትእዛዝ፣ ዲዲ 214፣ የአገልግሎት ማጠቃለያ ወረቀት፣ የምስክሮች ቃል፣ ከተገኘም የያኔው አዛዥ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ኦሪጅናል አትላኩ። ቅጂ ላኩ። የላካችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ትእዛዙ ተጽፎ ሳጥን 13 ላይ ብቻ ለጎደለባችሁ፣ ጉዳዩ በአብዛኛው እዚሁ ያልቃል። ሌላው ሰው «አይ» ሊባል ይችላል። «አይ» የሚለውን ደብዳቤ በደንብ ጠብቁት። ለሚቀጥለው ደረጃ መግቢያችሁ እሱ ነው። ምን እንደጎደለም የሚነግራችሁ እሱ ነው። የእኔ ላይ የጎደለው የሁለተኛ ምስክር ቃል ነበር።

ስድስተኛ፦ የማስተካከያ ቦርዱ

የምድር ጦሩ የውትድርና መዝገብ ማስተካከያ ቦርድ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው ያለው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤቢሲኤምአር ይባላል። አባላቱ ሲቪሎች ናቸው። ስህተትን ወይም በደልን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቷቸዋል። ማመልከቻው ዲዲ 149 ይባላል። በኢንተርኔትም መላክ ይቻላል። ክፍያ የለውም።

ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው መዝገቡ ትክክል ነው ከሚል ግምት ነው። ስህተት መሆኑን የማሳየት ሸክም የእናንተ ነው። በወንጀል ችሎት እንደሚባለው ያለ ጥርጥር ማረጋገጥ አይጠበቅባችሁም። ሚዛኑ ወደ እናንተ ካጋደለ በቂ ነው።

ስህተቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው ጊዜው። ካለፋችሁ አትተዉት። ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ቦርዱ ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። ፎርሙ ላይ ለምን እንደዘገያችሁ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ባዶ አትተዉት። «ይሄ ነገር እንደሚስተካከል አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ዓመት ቪኤ ስሄድ ነው ያወቅሁት» ከሆነ እውነቱ፣ እሱኑ ጻፉ።

ስህተቱን የምትገልጹበት ሳጥን ትንሽ ነው። እዚያ ላይ ጥያቄያችሁን ብቻ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ፦ «ለጁን 14 ቀን 2007ቱ ውጊያ ሲኤቢ ተሰጥቶኝ ዲዲ 214 ሳጥን 13 ላይ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።» ከዚያ «ተያያዡን ይመልከቱ» በሉ። አባሪዎቹን ቁጥር ስጧቸው። አባሪ 1 የኤችአርሲ ደብዳቤ፣ አባሪ 2 የእኔ ጽሑፍ እያላችሁ። የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ ፋይል ያነባል። አታድክሙት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቦርዱ ከዚህ በፊት የወሰናቸውን ውሳኔዎች ስም እየሰረዘ በኢንተርኔት ያወጣቸዋል። ማንም ሊያነባቸው ይችላል። የባጃችሁን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። የተፈቀደለትም የተከለከለም ታገኛላችሁ። ለምን እንደተከለከለ አንብቡ። እኔ ሁለት ምሽት ሙሉ ስቀመጥባቸው ከማንኛውም ሰው ምክር የበለጠ ተምሬያለሁ።

ከላካችሁ በኋላ ትጠብቃላችሁ። ሕጉ ከማመልከቻዎቹ 90 በመቶ በ10 ወር ውስጥ፣ ሁሉም ደግሞ በ18 ወር ውስጥ እንዲያልቁ ይላል። በመካከል ቦርዱ ከሌላ ክፍል የባለሙያ አስተያየት ከጠየቀ ቅጂው ይላክላችኋል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀነ ገደብ ሳያልፍ መልስ ስጡ። አድራሻ ከቀየራችሁ ወዲያው አሳውቁ። በአብዛኛው ጉዳዩ በወረቀት ብቻ ነው የሚታየው፤ በአካል ትጠራላችሁ ብላችሁ አታስቡ።

ውድቅ ከሆነስ? አዲስ ማስረጃ ስታገኙ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ የለም። ግን በእውነት አዲስ ይሁን። ያንኑ ወረቀት በሌላ ፖስታ መላክ ዋጋ የለውም። የምክር ቤት አባላችሁ ቢሮም ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊጠይቅላችሁ ይችላል፤ የፈቃድ ፎርም ያስፈርሟችኋል። ውሳኔውን ግን አይለውጡትም።

ስማችንና ልደታችን

ይሄ የባጅ ጉዳይ አይደለም፤ ግን የእኛ ሰው ፋይል ላይ በተደጋጋሚ የማየው ነው። ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በየወረቀቱ ይለያያል። አንዱ ላይ ኃይሉ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ የአያት ስም መሃል ገብቶ ይሆናል። የልደት ቀናችሁ ደግሞ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይመለስ ተጽፎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊያስረጅ ይችላል። ቪኤ ሲፈልጋችሁ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል።

የፊደል ስህተቱ በአገልግሎት ላይ እያላችሁ የተፈጠረ ከሆነ፣ ፓስፖርታችሁን ወይም የዜግነት ሰርተፊኬታችሁን አያይዛችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ስማችሁን በሕግ የቀየራችሁት ከጦሩ ከወጣችሁ በኋላ ከሆነ ግን ቦርዱ በአብዛኛው የድሮውን ወረቀት አይነካውም። በዚያን ጊዜ ስማችሁ ትክክል ነበርና። የፍርድ ቤቱን የስም ለውጥ ትእዛዝ ከዲዲ 214 ጋር አብራችሁ ማስቀመጥ ይበቃል።

በውትድርና በኩል ዜግነት ያገኛችሁ ደግሞ የስንብታችሁን ዓይነት አጥብቃችሁ ተመልከቱ። አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግሉ ከክብር ውጭ የተሰናበተ ሰው ዜግነቱ ሊነሳ የሚችልበት ሕግ አለ። የስንብቱ ዓይነት ትክክል አይደለም የምትሉ ከሆነ ከጦሩ በወጣችሁ በ15 ዓመት ውስጥ ዲዲ 293 የተባለው ፎርም ነው የሚሞላው፤ ከዚያ በኋላ ዲዲ 149። ይህኛውን ለብቻችሁ አትያዙት። ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ለወታደሮች በነጻ የሚሠሩ የሕግ ክሊኒኮች አሉ።

ሰውዬው ካረፈ

ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ማመልከት ይችላሉ። የሞት የምስክር ወረቀትና ዝምድናን የሚያሳይ ሰነድ ይያያዛል።

«አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ፣ ከአሜሪካኖቹ ጋር ነው የተዋጉት፣ ፋይላቸው ሴንት ሉዊስ ይኖራል?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች አሉ። የቃኘው ሻለቆች ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል። የግል ፋይላቸው ግን የኢትዮጵያ ጦር ነው። ሴንት ሉዊስ ያለው የአሜሪካ ጦር አባላት ፋይል ነው። የሻለቃው ስም ያለበት የክፍለ ጦሩ ዘገባ ግን ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሄዶ ማየት ነው።

ዲዲ 215 ሲመጣ

ባጁ ራሱ ገንዘብ የለውም። በቪኤ በኩል ግን ትልቅ ልዩነት አለው። ውጊያ ውስጥ የነበረ ሰው ስለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ቃል፣ ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር እስከተስማማ ድረስ፣ ሌላ ሰነድ ባይኖርም እንዲታመን ሕጉ ያዛል። የውጊያ ባጅ ደግሞ ውጊያ ውስጥ ለመሆናችሁ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ስለ ጆሮ፣ ስለ ጀርባ፣ ስለ ቅዠት «ማረጋገጫ አምጣ» የሚለው ክርክር በአብዛኛው እዚያ ላይ ይቀላል።

ስለዚህ ዲዲ 215 በፖስታ ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ዲዲ 214ን አይተካም፤ አብሮት የሚሄድ ወረቀት ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ስካን አድርጉ። ለቪኤ ላኩ። ቀድሞ የተከለከለ ማመልከቻ ካላችሁ፣ ይህንኑ እንደ አዲስ ማስረጃ አድርጋችሁ እንደገና አቅርቡ። ለዚህ በቪኤ የተፈቀደላቸው የወታደር ማኅበራት ተወካዮች በነጻ ይረዷችኋል። አንድ ቅጂ ለባለቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ ስጡ፤ የት እንዳለ ይወቁ። ሌላ ቅጂ ደግሞ ለመሰከሩላችሁ ሰዎች ላኩላቸው። የእኔ የቡድን መሪ ፎቶውን አይቶ የጻፈልኝ መልስ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ።